የካርድ ጠረጴዛ፦ ሰንሰለቱ ለምን መሐል ላይ ይበጠሳል?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ነገር ዙሪያ ናቸው፤ በካርድ ላይ ካርድ እየሳቡ ማሸነፍ። አንዱ ካርድ ሌላውን እያመጣ የሚቀጥለውን ይሄንን ሂደት ሰንሰለት እለዋለሁ። ከካርድ ጨዋታ ሁሉ እኔም አብልጬ የምወደው ይሄንኑ ነው። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለሱ ሰጥቼዋለሁ። ረጅሙ መልስ ለመጀመሪያው ጥያቄ የተሰጠው ነው። የሌሎቹም መሠረት እሱ ውስጥ ስላለ እባካችሁ አትዝለሉት።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የሚባለው የካርድ ጨዋታ ተጫዋች ነኝ። ግሊምፕስ ኦፍ ኔቸር የሚባለውን ካርድ ካየሁ ጀምሮ ሌላ ነገር አይታየኝም። በአንድ አረንጓዴ ማና (ካርድ ለመጫወት የሚከፈል ኃይል) እጫወተዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ በዚያው ተራ ፍጡር በጠራሁ ቁጥር አንድ ካርድ እስባለሁ። ዴኬ (የምጫወትበት የካርድ ክምር) 60 ካርድ ነው። 22 ላንድ (ማና የሚሰጡ ካርዶች)፣ 16 ኤልፍ (የፍጡር ዓይነት)፣ 4 ግሊምፕስ፣ የቀሩት 18ቱ ደግሞ ካርድ የሚስቡ ሌሎች አስማቶች ናቸው። ችግሩ ሁልጊዜ መሐል ላይ ይቆምብኛል። አራት አምስት ካርድ እስባለሁ፣ እጄ በማይረባ ነገር ይሞላል፣ በቃ ተራዬ አለቀ። የትኛውን የሚስብ ካርድ ልጨምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምንም አትጨምር። እንዲያውም 18ቱን አውጣቸው።

ግሊምፕስ ብቻውን አንድም ካርድ አይስብልህም። ካርዱን የሚያመጣልህ የምትጠራው ፍጡር ነው። እኔ ግሊምፕስን ክብሪት፣ ኤልፎቹን ማገዶ እላቸዋለሁ። አንተ ክብሪት አከማችተሃል፤ የሚነድ ነገር ግን የለህም።

እስቲ አብረን እናስላው። ግሊምፕስን ተጫወትክ፤ እጅህ ላይ 3 ኤልፍ አለ እንበል። ሦስቱን ስትጠራ 3 ካርድ ትስባለህ። ከ60 ካርዶችህ ኤልፍ የሆኑት 16 ናቸው፤ ማለትም 27 ከመቶ ገደማ። ስለዚህ ከሳብካቸው 3 ካርዶች ውስጥ የምታገኘው ኤልፍ በአማካይ አንድ እንኳን አይሞላም። እሱን ጠርተህ አንድ ካርድ ትስባለህ፤ ያኛው ኤልፍ የመሆኑ ዕድል ከአራት አንድ ገደማ ነው። ሁሉም ሲደመር ከ3 ኤልፍ ተነስተህ 4 ላይ ትቆማለህ። «አራት አምስት ካርድ እስባለሁ» ብለህ ጽፈህልኛል። አየህ፣ ዕድልህ አልከፋም። ዴክህ የሚሄደው ልክ ሒሳቡ እንደሚለው ነው።

ሒሳቡን በየጊዜው ከመጀመሪያ መሥራት አያስፈልግም። ስትጀምር እጅህ ላይ ያለውን የፍጡር ብዛት ፍጡር ላልሆነው የዴክህ ድርሻ አካፍለው። ማና ካልጎደለህ ሰንሰለቱ የሚደርስበትን ግምት ይሰጥሃል። ዴክህ ግማሹ ፍጡር ከሆነ 3 ለ 0.5 ሲካፈል 6 ነው። ሁለት ሦስተኛው ፍጡር ከሆነ 9 ይደርሳል። ሦስት አራተኛው ከሆነ 12። ከ30 ፍጡር ወደ 40 ፍጡር ስትሄድ የለወጥከው 10 ካርድ ብቻ ነው፤ ሰንሰለትህ ግን በግማሽ ይረዝማል። ካርድ የሚስብ ኮምቦ (ተደጋግፈው የሚሠሩ ካርዶች ጥምረት) ላይ ዴክ ስትሠራ መጀመሪያ የምትቆጥረው ይሄንን ድርሻ ይሁን። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አሁን የምወደው ነጥብ ጋ ደረስን። በአንድ ተራ ሁለት ግሊምፕስ ከተጫወትክ እያንዳንዱ ፍጡር ሁለት ካርድ ያስገኝልሃል። ያኔ ሒሳቡ ሌላ ነው። ከዴክህ ከግማሽ በላይ ፍጡር ከሆነ አንድ ኤልፍ በአማካይ ከአንድ በላይ ኤልፍ ይተካል። ይህ ማለት ሰንሰለቱ እየከሰመ አይሄድም፤ እያደገ ይሄዳል። በአንተ 27 ከመቶ ግን ሁለት ግሊምፕስም ቢኖርህ አንድ ኤልፍ የሚተካው ግማሽ ኤልፍ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከግማሽ በታች አትውረድ። ይሄ ምርጫ አይደለም፤ ዴኩ የሚቆምበት መሠረት ነው።

18ቱ አስማቶች ለምን እንደሚጎዱህም ልንገርህ። በሰንሰለቱ መሐል የሁለት ወይም የሦስት ማና የሚስብ አስማት እጅህ ላይ ሲመጣ ማናህን ይበላል፤ ግሊምፕስ ግን አይቆጥረውም። ካርድ የሚስብ ነገር ከፈለግክ ራሱ ኤልፍ ይሁን። ኤልቪሽ ቪዥነሪ ሁለት ማና ነው፣ ሲገባ አንድ ካርድ ይስባል። ግሊምፕስ ካለ ሁለት ይሆንልሃል።

ማናው ላይ እንምጣ። የሳብከውን መጥራት ካልቻልክ ብዙ መሳብህ ምንም አይጠቅምህም። እዚህ ላይ ሁለት ካርዶች የግድ ናቸው፤ ሄሪቴጅ ድሩይድ እና ኔትል ሴንቲነል። ሁለቱም አንድ አንድ ማና ናቸው፣ ሁለቱም የወጡት እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ድሩይዱ ያልተኙ ሦስት ኤልፎችን አስተኝተህ (ተጠቅመህባቸዋል ለማለት ካርዶቹን ወደ ጎን አጋድመህ) ሦስት አረንጓዴ ማና እንድታገኝ ያደርጋል። አሁን የገቡ ኤልፎችም ለዚህ ይሠራሉ፤ አንድ ተራ መጠበቅ የለባቸውም። ይሄንን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ደጋግመህ አንብበው። ሴንቲነሉ ደግሞ አረንጓዴ አስማት በተጫወትክ ቁጥር ተመልሶ ይነሳል፤ ፍጡር መጥራትም እንደ አስማት ይቆጠራል።

አሁን አንድ ድሩይድና ሁለት ሴንቲነል ፊትህ አሉ እንበል። በአንድ ማና አንድ አረንጓዴ ኤልፍ ትጠራለህ። ሁለቱ ሴንቲነሎች ይነሳሉ። እነሱንና አዲሱን ኤልፍ አስተኝተህ ሦስት ማና ታገኛለህ። አንድ ከፍለህ ሦስት ተቀበልክ። የአንድ ማና ኤልፍ እስከመጣልህ ድረስ ማና አያልቅብህም፤ ይተርፍሃል እንጂ። ለዚህ ነው ኤልፎችህ በአብዛኛው የአንድ ማና እንዲሆኑ አጥብቄ የምነግርህ።

ቀጥሎ መውጫው። ደብዳቤህ ውስጥ አንድም ቦታ በምን እንደምታሸንፍ አልነገርከኝም። እኔ የምመርጥልህ ግሬፕሾትን ነው። ሁለት ማና ነው፣ አንዱ ቀይ። አንድ ጉዳት ያደርሳል፤ ከሱ በፊት በዚያ ተራ ለተጫወትከው እያንዳንዱ አስማት ደግሞ አንድ ቅጂ ይጨምራል። በአንድ ግሬፕሾት 20 ጉዳት (የተጋጣሚህን ሙሉ የሕይወት ነጥብ) ለማድረስ ከፊቱ 19 አስማት ያስፈልግሃል። በሁለት ግሬፕሾት ግን 9 ይበቃል፤ የመጀመሪያው 10 ይመታል፣ ሁለተኛው 11። ተጋጣሚህን ቀድመህ በሴንቲነሎች ጥቃት ካቆሰልከው ከዚያም ያነሰ ይበቃሃል። ቀይ ማናውን ከብርችሎር ሬንጀርስ ታገኛለህ። ሁለት ኤልፍ አስተኝቶ የፈለግከውን ቀለም ማና ይሰጥሃል። እሱም ራሱ የአንድ ማና ኤልፍ ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ እጀምራለሁ፤ 34 ፍጡር፣ 17 ላንድ፣ 4 ግሊምፕስ፣ 3 ሰመነርስ ፓክት፣ 2 ግሬፕሾት። ፓክት ያለ ምንም ማና ከዴክህ አረንጓዴ ፍጡር ፈልጎ እጅህ ላይ ያስገባል። አረንጓዴ አስማት ስለሆነ ሴንቲነሎችህንም ያስነሳል። ግን በሚቀጥለው ተራህ መጀመሪያ ላይ አራት ማና ካልከፈልክ ትሸነፋለህ። ስለዚህ በዚያው ተራ ልትጨርስ እንደምትችል ሲታይህ ብቻ አውጣው።

ይሄ ዓይነት ዴክ በወረቀት ላይ ብቻ የሚያምር እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. በ2008 በበርሊን በተካሄደው ፕሮ ቱር በሚባለው የማጂክ ውድድር ሉዊስ ስኮት-ቫርጋስ ያሸነፈው በዚሁ የኤልፍ ኮምቦ ነው። በጣም ጠንካራ ስለሆነም ሞደርን የሚባለው የጨዋታ ዓይነት በ2011 ሲጀመር ግሊምፕስ ከታገዱት ካርዶች መሐል ነበር። ሌጋሲ በሚባለው ሌላ የጨዋታ ዓይነት ላይ ግን ይፈቀዳል። ከጓደኞችህ ጋር የምትጫወቱት በየትኛው ሕግ እንደሆነ ተነጋገሩ፤ ካርድ ከመግዛትህ በፊት።

ሠርተህ ስትጨርስ ብቻህን ተቀምጠህ ሞክረው። በውዘው፣ 7 ካርድ ሳብ፣ ተጋጣሚ እንደሌለ አድርገህ ተጫወት። ሰንሰለቱ በተበጠሰ ቁጥር እጅህ ላይ የቀረውን ጻፍ። ላንድ ብቻ ከሆነ ላንድ ቀንስ። ኤልፍ ይዘህ ማና ካጣህ ሴንቲነልና ድሩይድ አራት አራት መሆናቸውን አረጋግጥ። ማናም ኤልፍም ሞልቶ የምታሸንፍበት ከጠፋህ ሦስተኛ ግሬፕሾት ጨምር። እኔ ማስታወሻ ደብተሬን ከዴኬ ሳጥን አልለይም። ምክንያቱም ሰው የሚያስታውሰው የሚያምረውን ተራ ብቻ ነው፤ የተበጠሰበትን ይረሳል።

ጥያቄ፦ እንደምን ከርመዋል። ኮማንደር የሚባለውን የማጂክ ዓይነት እጫወታለሁ። ኒቭ-ሚዜት ዘ ፋየርማይንድን ኮማንደር (የዴኩ መሪ ፍጡር) አድርጌ ዴክ እየሠራሁ ነው። ካርድ በሳብኩ ቁጥር ኒቭ አንድ ጉዳት ያደርሳል። ኪዩሪዮሲቲን ላዩ ላይ ካደረግኩ ደግሞ ተጋጣሚዬን በጎዳ ቁጥር ካርድ እስባለሁ። ስለዚህ አያቆምም። ጓደኛዬ ግን «ካርድሽ ሲያልቅ የምትሸነፊው አንቺ ነሽ» ይለኛል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ ሕጉን በትክክል ነግሮሻል። ካርድ ከሌለው ዴክ ለመሳብ የሞከረ ሰው ይሸነፋል። ግን ኪዩሪዮሲቲ ላይ የተጻፈው «መሳብ ትችያለሽ» የሚል ነው፤ ግዴታ አይደለም። በፈለግሽበት ሰዓት «አልስብም» ብለሽ ታቆሚዋለሽ። ታንደም ሉክአውት የሚባለው ፍጡር ከኒቭ ጋር ሲጣመር ይሄንኑ ሥራ ይሠራል። እሱ ላይ ግን ምርጫ የለም፤ ተጋጣሚን ከጎዳሽ የግድ ትስቢያለሽ። እሱን ስትጠቀሚ ለማቆም ስትፈልጊ የኒቭን ጉዳት ከተጋጣሚ ላይ አንስተሽ አንድ ፍጡር ላይ አሳርፊው። ያኔ ሰንሰለቱ እዚያው ያበቃል።

እኔን የሚያሳስበኝ ጓደኛሽ ያላነሳው ነገር ነው። ኮማንደር ላይ እያንዳንዱ ሰው በ40 የሕይወት ነጥብ ነው የሚጀምረው። ሦስት ተጋጣሚ ካለሽ 120 ነው። ዴክሽ ከኮማንደሩ ሌላ 99 ካርድ ነው። መጀመሪያ 7 ሳብሽ፣ ሰባተኛው ተራሽ ላይ ሌላ 7 ያህል ሳብሽ፤ የቀረሽ 85 ነው። 85 ጉዳት ሁለት ሰው ይጥላል፤ ሦስተኛው 35 ነጥብ ይዞ ያይሻል። አንቺ ደግሞ ዴክሽ ባዶ ነው። ሌሎቹ ቀድመው ካልተጎዱ በቀር ኒቭና ኪዩሪዮሲቲ ብቻቸውን ጠረጴዛውን አይጨርሱም።

መፍትሔው ላቦራቶሪ ማኒያክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ፣ ሦስት ማና የሚጠይቅ ፍጡር ነው። እሱ ፊትሽ ካለ፣ ዴክሽ ባዶ ሆኖ ለመሳብ ስትሞክሪ በመሸነፍ ፈንታ ታሸንፊያለሽ። ስለዚህ ሰንሰለቱን ሁሉንም ካርድ እስክትስቢ ሂጂበት፣ ባዶ ሲሆን አቁሚ፣ ማኒያኩን ጥሪ፣ ከዚያ በአንድ ሰማያዊ ማና ብሬይንስቶርም ተጫወቺ። ኒቭ ካለፈው ተራ የቆየ ከሆነ ሰንሰለቱን ራሱን አስተኝተሽ ካርድ በመሳብ ትጀምሪዋለሽ። ከዚያ ለኪዩሪዮሲቲ አንድ፣ ለማኒያኩ ሦስት፣ ለብሬይንስቶርም አንድ ማና፤ በድምሩ አምስት ማና ይበቃሻል።

የዚህ ኮምቦ ትልቁ ጥቅም ግማሹ ዴክሽ ውስጥ አለመሆኑ ነው። ኒቭ ኮማንደርሽ ስለሆነ ሁልጊዜ ይገኛል። የምትፈልጊው ሌላኛውን ግማሽ ብቻ ነው። እሱን የሚሠሩ ሦስት ካርዶች አስገቢ፤ ኪዩሪዮሲቲ፣ ኦፊዲያን አይ እና ታንደም ሉክአውት። 15 ካርድ ስታዪ ከሦስቱ ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድልሽ 39 ከመቶ ነው። ይሄ ያንሳል። ድሪፍት ኦፍ ፋንታዝምስን ጨምሪበት። እሱን በሦስት ማና ጥለሽ ሌላ የሦስት ማና ካርድ ከዴክሽ ትፈልጊበታለሽ። ኦፊዲያን አይም፣ ታንደም ሉክአውትም፣ ላቦራቶሪ ማኒያክም ሦስቱም የሦስት ማና ናቸው። ዕድልሽ ወደ 49 ከመቶ ይወጣል፤ ግማሹ ቀድሞ እጅሽ ላይ ከገባ ደግሞ መውጫሽን ትፈልጊበታለሽ። ዴክ ስሠራ እንዲህ ሁለት ሥራ የሚሠራ ካርድ ሳገኝ ደስታዬ ወሰን የለውም።

አንድ ጥንቃቄ። ኪዩሪዮሲቲን ኒቭ ላይ ስትጫወቺ አንዱ ተጋጣሚ ወዲያው ኒቭን ቢገድለው ሁለቱንም ካርድ ታጪያለሽ። ኦፊዲያን አይ ግን በሌላ ሰው ተራም መጫወት ይቻላል። ማናቸውን ጨርሰው የተቀመጡበትን ቅጽበት ጠብቂ።

ጥያቄ፦ ዩጊዮ በሚባለው ሌላ የካርድ ጨዋታ ላይ በኤግዞዲያ ማሸነፍ እፈልጋለሁ። አምስቱን ክፍሎች እጄ ላይ ከሰበሰብኩ አሸንፋለሁ። የሚስቡ ካርዶች ብዙ እንዲገቡልኝ ዴኬን 60 ላድርገው ወይስ 40 ይብቃኝ?

መልስ፦ 40። ምንም አትጨምር። አምስቱም መጀመሪያ በምትስባቸው 5 ካርዶች ላይ የመግጠማቸው ዕድል በ40 ካርድ ከ658,008 አንድ ነው። በ60 ካርድ ከ5,461,512 አንድ ነው። ማንም በዚህ ተማምኖ አይጫወትም፤ ግን የሚፈለግ ነገር ዴኩ በሰፋ ቁጥር ምን ያህል እንደሚርቅ ያሳይሃል።

መሳቢያህ ሮያል ማጂካል ላይብረሪ ይሁን። አስማት ካርድ በተጫወተ ቁጥር አንድ ምልክት ይይዛል፣ ሦስት ሲሞላ ሦስቱን አንስተህ አንድ ካርድ ትስባለህ። አንድ ላይብረሪ ብቻ ካለህ ለአንድ ካርድ ሦስት አስማት ይፈጅብሃል። ሦስት ላይብረሪ ፊትህ ካሉ ግን በሦስት አስማት ሦስት ካርድ ነው። እዚህም ማገዶው ወሳኝ ነው፤ ራሱን የሚተካ አስማት ያስፈልግሃል። አፕስታርት ጎብሊን አንድ ካርድ ያስስብሃል፣ ለተጋጣሚህ 1000 ነጥብ ይሰጣል። አንተ የምታሸንፈው በነጥብ ስላልሆነ ይሄ ምንም አይጎዳህም። ሕጉ የሚፈቅደውን ያህል አስገባው። ፖት ኦፍ ግሪድ ግን ታግዷል፤ አትመኘው።

ፍርሃትህ ድሮል ኤንድ ሎክ በርድ ይሁን። ከተራህ መጀመሪያ መደበኛ መሳብ ውጭ አንድ ካርድ እንደሳብክ ተጋጣሚህ ይህን ካርድ ከእጁ ይጥለዋል፣ ከዚያ በኋላ በዚያ ተራ ማንም ከዴክ ካርድ ወደ እጁ አያስገባም። አሽ ብሎሰም ግን አንዱን መሳብ ብቻ ነው የሚከለክልህ፤ ጥቂት በጥቂት ለሚስብ ዴክ ያን ያህል አይከብድም።

ጥያቄ፦ ካርድ የሚስብ ዴክ ይዤ ስጫወት አንዱ ተራዬ በጣም ይረዝማል። ጓደኞቼ ይሰላቻሉ። ልተወው?

መልስ፦ አትተወው። ግን የሌሎቹ ጊዜ ክቡር መሆኑን በሥራ አሳያቸው።

ሰንሰለቱ ሁለት ዓይነት ነው። እንደ ኒቭና ኪዩሪዮሲቲ ያለው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እርምጃ ይደግማል። እሱን «ይሄንን 20 ጊዜ እደግማለሁ፣ ሁሉም ጉዳት አንተ ላይ» ብለህ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ሕጉም ይፈቅዳል። ማንም የሚያስቆምበት መልስ ከሌለው 20 ካርድ ሳብና ቀጥል። የኤልፍ ሰንሰለት ግን እንዲህ አይቋጭም። ቀጥሎ ምን እንደምትስብ ስለማታውቅ እያንዳንዱን ካርድ መጫወት አለብህ። እዚህ ላይ የሚረዳህ ልምምድ ብቻ ነው። የትኛውን ኤልፍ ከየትኛው ቀድመህ እንደምትጠራ ከጨዋታው በፊት እወቅ። ያለህን ማና በዳይስ ቁጠር፣ የተጫወትካቸውን አስማቶች በሌላ ቀለም ዳይስ። የተኙትንና ያልተኙትን ኤልፎች ለያይተህ ደርድር፤ ተጋጣሚህ ሳይጠይቅህ በዓይኑ እንዲያይ። የምታደርገውን ጮክ ብለህ ተናገር፤ «ኤልፍ፣ ሳብኩ፣ ሁለቱ ተነሱ፣ ሦስት ማና»። የሚሰማህ ሰው ሰንሰለቱን አብሮህ ይከታተላል፤ ሊያስቆምህ የሚችልበትንም ቦታ ያገኛል። ሰንሰለቱ እንደማያሸንፍልህ ካወቅክ ደግሞ የቀሩህን ኤልፎች እጅህ ላይ ያዝና ተራውን ልቀቅ። ለሚቀጥለው ግሊምፕስ ያስፈልጉሃል።